ኮሶ ቤት

ሳህሉ ሥዕሎቼን ሊዋስ የመጣ ቀን እጁ ንጹሕ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፍርድ እንዳላጓድልበት ብዬ ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሚስቱን አስከትሎ መጣ። ሚስቱ ጣቢታ ታላቅ እህቴ ናት። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ የሚከፍተው ሥጋ ቤት ቀለሙ ተቀብቶ፣ ወንበሩ ገብቶ፣ ሚዛኑ ተሰቅሎ አልቋል፤ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ የቆዩ የዕፅዋት ሥዕሎች በፍሬም ተሰቅለው አይቶ፣ ያንተዎቹ ከእነዚያ ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አያንሱም። እኔ የምሰበስበው ለምግብና ለመድኃኒት የሚሆኑ ዕፅዋት የተሣሉባቸውን የድሮ ኅትመቶች ነው። ፎቶ ባልተለመደበት ዘመን በአውሮፓ የሐኪሞችና የመድኃኒት ቀማሚዎች መጻሕፍት ውስጥ ይገቡ የነበሩ ወፍራም ወረቀቶች ናቸው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፍሬው፣ ሥሩ እየተነጠለ ተሥሏል፤ አንዳንዱ በእጅ ቀለም የተቀባ ነው። ኮሌጅ ባዮሎጂ ስማር አንዱን አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ አየሁና በዚያው ተያዝኩ። አሁን አስተማሪ ነኝ። ባልደረቦቼ ደመወዙን ለቅጠል ሥዕል የሚገብር እያሉ ይቀልዱብኛል። ጉሎ አለኝ፣ ዝንጅብል አለኝ፣ እሬት፣ ተልባ፣ ጤና አዳም አለኝ። ከሁሉም በላይ ግን ኮሶ ነበረኝ።

ኮሶውን ያገኘሁት አንጋጫ ከሚኖሩት ጡረተኛ ድሬሰር ከጋሽ አጵሎስ ነው። ይሠሩበት በነበረው ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ለዘመናት ተሰቅሎ ኖሮ፣ ክሊኒኩ ሲፈርስ ለእሳቸው ቀረ። ለገንዘብ እሺ አላሉም። በየጊዜው እየሄድኩ አየዋለሁ፣ ቡናዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከግድግዳው አውርደው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ሊያየው የመጣ ብዙ ነው" አሉኝ። "ሳይታዘዝ እጁን የታጠበ ግን አንተ ብቻ ነህ።"

ቀይ የአበባ ዘለላው ከላይ እስከ ታች ተንዠርግጎ ወረቀቱን ሞልቶታል። ከሥሩ ነጭ ኅዳግ አለ። በኅዳጉ ላይ የዛፉ ስም በላቲን፣ ጥግ ላይ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በማይነበብ ፊደል የሠዓሊውና ሥዕሉን ለኅትመት የቀረጸው ሰው ስም ተጽፏል። ይህን ነገር የማይሰበስብ ሰው ኅዳጉን ትርፍ ወረቀት ይለዋል። ለእኛ ግን ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው። ኅዳግ የሌለው ሥዕል ወላጆቹ እንደማይታወቁ ልጅ ነው።

ሳህሉ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገልጦ ኮሶው ላይ ሲደርስ ቆመ። ይቺ ቀይዋ ከሥጋው ጋር ትሄዳለች አለ። ኮሶ መሆኑን ነገርኩት። ሳቀ።

"ኮሶማ ዱቄት ነው" አለ። "አያቴ ስትበጠብጠው አይቻለሁ። እኔን ገጠሬ አደረግከኝ እንዴ? ይሄ ወይን ነው።"

ሳህሉ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ነው። ኮሶን የሚያውቀው ከገበያ ተገዝቶ በጣሳ ሲመጣ ነው፤ ዛፉን አይቶት አያውቅም። ሊዋሸኝ አልፈለገም፣ ቀልድ መስሎት ነው። ሌላውን ሁሉ ውሰድ፣ ይህን ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። ጣቢታ አየችኝ። ያንን አስተያየት የማያውቅ እህት የሌለው ሰው ነው፤ ባሌ ከቤትህ ባዶ እጁን ይውጣ ወይ ማለቷ ነው። ለምረቃው ሳምንት ብቻ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ጫፉ ሳይነካ ብዬ ሰጠሁት። ሁሉንም እሺ አለ።

በምረቃው ዕለት ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሄድኩ። በሩ ላይ የተሰቀለው በሬ ገና ትኩስ ነው፣ ጭኑ ላይ ሥጋው ይንቀጠቀጣል። ወለሉ ላይ የተነሰነሰው ሰጋቱራ ደም ጠጥቶ በጫማ ሥር ይላሽቃል። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳይ፣ ሥዕሎቼ ሁሉ አንድ ቁመት ሆነዋል።

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። አንዱ ወረቀት ትልቅ ነበር፣ አንዱ ትንሽ፤ እንዴት እኩል ይሆናሉ? ከዚያ ኅዳግ የሚባል ነገር እንደሌለ አየሁ።

ሳህሉ በነጭ ጋዋኑ መጥቶ አቀፈኝ፤ ጋዋኑ የነጭነት ነገር ቀርቶበታል። ፍሬም ቤቱ የነበረው አንድ ልክ ብቻ ስለሆነ ነጩን ትርፍ እንዳስተካከለው፣ ሥዕሉን ግን እንዳልነካ በኩራት ነገረኝ። በምን ቆረጥከው አልኩት። በቢላዋ አለኝ፤ ከእሱ ቢላዋ የተሳለ ሆሳዕና ውስጥ እንደሌለ አስረዳኝ። የት ላይ አድርገህ አልኩት። ሥጋ የሚከተፍበትን ግንድ በአገጩ አሳየኝ።

ወደ ኮሶው ተጠጋሁ። መስታወቱ ባጃጅ ላይ ስለተሰበረ ያለ መስታወት ተሰቅሏል። የታችኛው ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ይታያል፣ ከመስመሩ በላይ ስብ ወረቀቱን ሰርጎ እንደ ላስቲክ አሳልፎ ማሳየት ጀምሯል። አሸተትኩት። አውራ መንገድ ላይ በፀሐይ የዋለ ቆዳ ይሸታል። ምራቄ አፌ ውስጥ ሞላ፤ የምግብ ፍላጎት ምራቅ አይደለም፣ ሰው ሊያስመልሰው ሲል የሚመጣው ነው።

በዚያ ሰዓት ነው ጋሽ ወልደሰንበት ቀና ያሉት። ጋሽ ወልደሰንበት ከመናኸሪያው ማዶ ትልቅ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ያላቸው፣ አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የከተሙ፣ ቀልዳቸው ከዕቃቸው ቀድሞ የሚሸጥ ሰውዬ ናቸው። ጉንጫቸው ሙሉ ነበር። ማላመጣቸውን አቁመው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ሳህሉ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይቺ ኮሶ አይደለችም?"

ሳህሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ።

ጋሽ ወልደሰንበት ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሳቸው ግን ልጅ ሳሉ ኮሶ የጠጡበትን ቀን ማውራት ጀመሩ። እናታቸው ጎህ ሳይቀድ አፍንጫቸውን ይዛ እንዳጋተቻቸው፣ አንጀታቸው ሲገለባበጥ ወደ እንሰቱ ጓሮ እንደሮጡ፣ አባታቸው ደግሞ እንጨት ይዘው ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው እንደጠበቁ ተረኩ። የኮሶ ትል ጭንቅላቱ ካልወጣ ተመልሶ ያድጋል፤ ስለዚህ አባትየው የወጣውን በእንጨት እያገላበጡ ጭንቅላቱን ይፈልጋሉ። ጋሽ ወልደሰንበት የትሉን ርዝመት ሊያሳዩን ፈለጉና ከፊታቸው ካለው ሥጋ ነጭ ስብ የበዛበትን ረጅም ቁራጭ በሁለት ጣት አንጠለጠሉት። እንዲህ ነው፣ ይሄ ግን ሩቡ ነው አሉ። ከዚያ አዋዜ ውስጥ ነክረው ዋጡት።

አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወጣ። ሌላው ሳህኑን ገፋ። ቀጥሎ ግን ከጥግ በኩል አንድ ሹፌር፣ እንግዲያው ሥጋው ከነመድኃኒቱ ነው፣ ሌላ ግማሽ ኪሎ ጨምሩልኝ አለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አፋቸው ሙሉ ሆኖ ይስቃሉ። በየጥርሱ መካከል ቀይ ነገር አየሁ። ወጥቼ ሄድኩ።

ማታ ሳህሉ ደውሎ ተቆጣኝ። ሆን ብለህ አዋረድከኝ፣ ነገ ኮሶህን ውሰድልኝ አለ። በደስታ አልኩት። በነጋታው ከትምህርት በኋላ ለመሄድ መናኸሪያ ብዬ ባጃጅ ስይዝ፣ ሹፌሩ ኮሶ ቤት ነህ አለኝ። ስሙ በአንድ ሌሊት ከተማውን ዞሮ ነበር። ስደርስ ሥጋ ቤቱ ከምረቃው ቀን ይልቅ ሞልቷል፤ ከፎንቆ ገበያ የተመለሱ ነጋዴዎች ሥዕሉን ሊያዩ ገብተው እየበሉ ነው። ሳህሉ ትላንት የተቆጣውን ረስቷል። ትንሽ ይቆይ አለኝ፣ እስኪለምዱኝ።

እኔ መጠበቅ አይከብደኝም። ጠበቅኩት። በሄድኩ ቁጥር ግን ሥዕሉ ይብሳል። መጀመሪያ ዝንቦች ነበሩ፤ ስቡ የነካው ቦታ ላይ ይሰፍራሉ፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ትተው ይነሳሉ። ቀጥሎ አዲስ ልማድ መጣ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ጥሬ ሥጋ ያዘዘ ሰው ከመጉረሱ በፊት ተነሥቶ የኮሶውን አበባ በጣቱ ይነካል፣ ትሉ እንዳይዘኝ ብሎ ይስቃል። ሲጨርስም አንዳንዱ ለምስጋና ደግሞ ይነካል፤ ያኔ እጁ አዋዜ ነው። የዘለላው ጫፍ የሠዓሊው ቀይ ይሁን የበርበሬው ቀይ መለየት አቃተኝ። አንድ ቀን አንዱ ከነካው በኋላ ጣቱን ላሰ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

በመጨረሻ ለሽማግሌ ተናገርኩ። ከአማች ጋር በቀጥታ መካሰስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የእኔ ሽማግሌ አጎቴ ማቴዎስ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ በነገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሳህሉ ጋሽ ወልደሰንበትን መረጠ። ቦታው የት ይሁን ሲባል ሳህሉ ሽማግሌ በባዶ ሆዱ አይፈርድም ብሎ ወደ ሥጋ ቤቱ ጠራን።

ከሥዕሉ ሥር ተቀመጥን። ሥጋ መጣ። አጎቴ ጸለየና እነሱ በሉ። እኔ አልነካሁም። አጎቴ መጀመሪያ ሳህሉን ወቀሰው፦ የተዋሱትን ዕቃ መቁረጥ፣ ቀን ማሳለፍ ጥፋት ነው አለው። ሳህሉ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ ነገሩ ዞረ። ቤቱ አሁን የሚጠራው በዚህ ሥዕል ነው፣ ብታወርደው እህትህ የምትበላበት ገበያ ይወርዳል፣ አንተ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነው የምትከተው ተባልኩ። ሳህሉ በምትኩ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ኮሶ ሊያሳትምልኝ ቃል ገባ። እኔ ያንን አዲሱን እዚህ ስቀል፣ የእኔን መልስልኝ አልኩ። ይህ ሐሳብ ለአፍታ ያሸነፈ መሰለኝ፤ አጎቴም ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ወልደሰንበት ግን ሰው የሚነካው የለመደውን ነው አሉ። ሊያስረዱን ተነሡ። ቢላዋቸውን አስቀመጡ እንጂ እጃቸውን አልጠረጉም። አውራ ጣታቸውን የዘለላው መሐል ላይ፣ ገና ማንም ያልደረሰበት ቦታ ላይ ጫን አድርገው፣ "ይቺ እኮ ሕያው ሆናለች፣ ልጄ። አንተ ጋ በድን ነበረች" አሉኝ።

ጣታቸውን ሲያነሱ ወረቀቱ ትንሽ ተከትሎ ተነሣና ተላቀቀ። የጣታቸው መስመር ሁሉ በስብ ታትሞ ቀረ። ጋሽ አጵሎስ በጨርቅ ጠቅልለው የሰጡኝ ነገር ይህ ነው። ልውሰደው ብል በየትኛው እጄ ልይዘው እንደምችል አሰብኩ። በዚያች ቅጽበት ሥዕሉን እንደማልፈልገው አወቅኩ፤ ቢሰጡኝም አልወስደውም። ንዴት እንኳ አልነበረም፣ ቀፈፈኝ፣ በቃ።

"ይቆይላችሁ" አልኩ። "የቆረጥከውን ኅዳግ ብቻ ስጠኝ።"

ሳህሉ ግራ ገባው። ነጩን? አለ። ነጩን አልኩት። አስተናጋጇ አዜብ ነች ያስታወሰችው። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ስለነበር ትእዛዝ ጽፋበታለች፤ የተጻፈበት ሁሉ ደግሞ ሒሳብ መቀበያው አጠገብ ግድግዳው ላይ ባለ ምስማር ተሰክቶ ይቀመጣል። ሄዳ ከወፍራሙ ክምር መሐል መፈለግ ጀመረች። የጉሎው ኅዳግ ለከሰል ማቀጣጠያ እንደዋለ፣ የሌሎቹም እንደዚያው እንደሚሆን እየነገረችኝ ፈለገች። ከዚያ ምስማሩ መሐሉን የበሳው አንድ ረጅም ቁራጭ አወጣች። በአንዱ ፊት የኮሶው ስም፣ ጥግ ላይ እነዚያ ሁለት ደቃቅ ስሞች። በሌላው ፊት በአዜብ እጅ፦ ግማሽ ኪሎ ጥሬ፣ አንድ ጥብስ፣ ሁለት ለስላሳ።

ቆይ አልኳትና ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ሳሙና አብዝቼ፣ እስከ ክርኔ ድረስ ታጠብኩ። ከኋላዬ ሳህሉ ሲስቅ ሰማሁት። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ዕርቅ መውረዱ ደስ ብሎት ነው።

"ሚኪ፣ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ ምኑን ነው የምትታጠበው?" አለኝ።

እጄን አራግፌ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ቁራጯን ከአዜብ እጅ በጫፏ ተቀብዬ፣ ሳላጥፋት፣ በደብተሬ ሁለት ገጾች መካከል አስገባኋት። በሩ ላይ ባጃጅ ቆሞ ሹፌሩ ኮሶ ቤት ወራጅ እያለ ነበር። አንድ ሰው ገና ሲገባ፣ ወንበር ሳይዝ በፊት ወደ ግድግዳው እጁን ሲዘረጋ አየሁና ፊቴን አዞርኩ።