ድፍን ድንጋይ

«ያዝ! ቀስ በል እንጂ!»

ረዳቱ የብረት ቱቦውን በሁለት እጁ አቅፎ ይጮኻል። ካምፑ ሁሉ ሬዲዮ ነው የሚለው፤ ተኝቶም ያወራል። ቆፋሪው የቱቦውን ጎን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። ጭቃ ውሃ ተንጠፈጠፈ፤ ከተራራው ሆድ የወጣው ድንጋይ እንደ ጥቁር ምሰሶ እየተንሸራተተ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ።

«ኧረ ይሄ ነገር ጭራ የለውም እንዴ!» አለ ሬዲዮ።

ቆፋሪው እጁን አስኬደበት። ቀዝቃዛ፣ ልሙጥ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው ድፍን ድንጋይ። ዞር ብሎ ወደ አባቱ አየ።

ትንሽ ራቅ ብሎ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አባቱ ተቀምጠዋል። ቤታቸው ከታች ወንዙ ዳር ነው፤ ከመቆፈሪያ ማሽኑ አጠገብ ሆኖ የማንጎ ዛፎቻቸውንና ገና ጣሪያ ያልለበሰውን አዲስ ቤት ማየት ይቻላል። የሚጠናው ግድብ እዚህ ከተሠራ ያንን ሁሉ ውሃ ይውጠዋል። ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ግድቡ ሰው ወደማይኖርበት ወደ ላይኛው ሸለቆ ይዛወራል። የሚወስነው ይህ የመጨረሻው ጉድጓድ ነው።

ቁፋሮው እንደተጀመረ አባቱ «ልጄ፣ ድንጋዩ ምን ይላል?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ያኔ የሚወጣው የላይኛው ፍርክስክስ ነበር።

«እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል አባባ። እዚህ ማንም ምንም አይሠራም» አላቸው።

በዚያች ቃል ቤት ጀመሩ፤ ትዳሯን ፈትታ ከነልጆቿ ለተመለሰችው እህቱ። ድንጋዩ ወደ ታች እየጠነከረ ሲሄድ ቆፋሪው ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል ግድግዳው ቆመ፤ ቆርቆሮው ተገዛ። ዛሬ የመጡትም መዶሻ ሊዋሱ ነው።

ጂኦሎጂስቷ መጥታ ናሙናውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው።

«ጎሽ! እንዲህ ያለ ድንጋይ የት ይገኛል? የናሙና ሳጥኑ ውስጥ አይገባምና ስበሩት። ስብራቱ ላይ ቀይ ቀለም አትርሱ፤ እኔ ካሜራዬን ከመኪና ላምጣ።»

ቀይ መስመር «የሰበርነው እኛ ነን» ማለት ነው። መስመር የሌለው ስብራት ፎቶውን አይተው በሚወስኑት ዘንድ የተራራው ስንጥቅ ተብሎ ይቆጠራል።

ቆፋሪው መዶሻውን አነሳ። አንዴ መታ። ደገመ። ሦስተኛ ሊሰነዝር ሲል ሬዲዮ እጁን ያዘው።

«በቃው እንጂ! ጠጠር ልታደርገው ነው?»

ቀለሙ እግሩ ሥር ነው። ባይነካውስ? ማሽኖቹ ተጭነው ወደ ላይኛው ሸለቆ ሲሄዱ፣ የእህቱ ልጆች ከማንጎው ሥር ሲሯሯጡ ታየው። የላይኛውን ሸለቆም ግን ራሱ ነው የቆፈረው፤ ድንጋዩ እንደ ገል ሲሰባበር በእጁ ይዞታል። ግድቡ እዚያ ተሠርቶ ቢናድ ደግሞ ወንዙ የሚወርድበት ከተማ አለ፤ ሌሎች እህቶች፣ ሌሎች ልጆች።

ጎንበስ ብሎ ብሩሹን ነከረ። በሁለቱም ስብራት ላይ ቀዩን አሰመረ። ዓይኑ ከታች ካለው ቤት ላይ ስለነበር መስመሩ ተጣመመ።

«እንደ ሕፃን ልጅ ጽሑፍ!» ብሎ ሬዲዮ ሳቀ። የቆፋሪውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው፤ የሚሠራው ባይኖርም ወደ ውሃ ፓምፑ ሄደ።

የቆፋሪው አባት ሱሪያቸውን እያራገፉ ተነሥተው መጡ።

«ጨረሳችሁ? በል መዶሻውን ስጠኝ፣ ሳይመሽ ቆርቆሮውን እናልብስ።»

«አባባ፣ እስቲ ይሄን ይዳስሱት።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ዕድሜ ልካቸውን አፈር ሲዳስሱ የኖሩ ናቸው፤ ማስረዳት አላስፈለገውም። ቁልቁል ወደ ቤታቸው አዩ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ግድግዳው ሳይቆም።»

«እና ጭቃ ሳቦካ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?»

እጃቸው ከድንጋዩ ላይ አልተነሣም።

«ምስማር ካልነካው» አሉ፣ «ባለሱቁ ቆርቆሮውን ይመልስልን ይሆን?»

«አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ ቆፋሪው። መዶሻውን የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ዘጋው።