ግማሹ የተቀባ ግድግዳ

ቢረሳው በሩ ላይ ሲታይ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለአክብሮት ብድግ ብድግ አለ። የቤቱ ባለቤት ነዋ! ሟቹ ጋሽ አግደው ብዙ ዓመት በኪራይ የኖሩበት ቤት የእሱ ነው። ሴቶቹ ፍራሹ ላይ ጠጋ ጠጋ አሉ፤ አንዷ የፕላስቲክ ወንበር ሳበችለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ ቶሎ ብሎ፤ ዓይኑ ከሰዉ ራስ በላይ ተሻግሮ በክፍቱ በር መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቀረ።

ግድግዳው ከወለሉ ተነሥቶ የሰው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ነጭ ነው፤ ከዚያ በላይ ያረጀ ቢጫ። ነጩም ቢሆን መስኮቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ይቆማል። ሥሩ የቀለም ባልዲ አለ፤ ባልዲው አፍ ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሮለር። ጋሽ አግደው ልባቸው ቀጥ ብላ የተገኙት እዚያው ባልዲው አጠገብ ነው። ልጃቸው አስናቁ «እንዳለ ተዉት» ስላለች ማንም አልነካውም። በዚያ ዕድሜያቸው ቀለም ቀቡ ማን አላቸው? ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቅ ነበር።

«አስናቁ፣ አንዴ ላናግርሽ? በረንዳው ላይ» አለ ቢረሳው።

«ኧረ ተው አንተ! ሐዘንተኛ ከፍራሽ ይነሣል እንዴ?» አሉ አንዲት አሮጊት። አስናቁ ግን ተነሣች። የሰዉ ዓይን ጀርባዋን እየወጋት ወጣች።

በረንዳው ሥር የለቅሶው ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ከሥሩ ተደርድረው ሽምብራ ይቆረጥማሉ። ከሕንፃዎቹ ጀርባ የፋብሪካዎቹ ጣሪያ ፀሐይ መትቶት ያብረቀርቃል፤ ጋሽ አግደው ጡረታ እስኪወጡ ወለል ሲያጸዱ የኖሩት እዚያ ነው።

«ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለ ቢረሳው አንገቱን እያሻሸ። «ምን ላድርግ? ባንኩ የማሽካንታዬን፣ የቤት ብድሬን ክፍያ ለሽቭዓ፣ ለሰባት ቀን ሐዘን ብሎ አይጠብቀኝም። ቤቱን ትይዙታላችሁ ወይስ ትለቁታላችሁ? የምትለቁ ከሆነ ውሉ ‹ከሁለት ወር በፊት አስታውቅ› ይላል። ማንም አላስታወቀኝም። እንግዲህ ማስያዣው፣ ፒቃዶኑ፣ ለሁለቱ ወር ይሆናል ማለት ነው። ግድግዳውም አለ።»

«የአባቴ አፈር ገና አልደረቀም።»

«አውቃለሁ። ግን ቀደም ብለው ነግረውኝ ቢሆን...»

«ምን ብለው? ‹ልሞት ነው› ብለው?»

ቢረሳው ፊቱ ቀላ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕዳ ያንገበገበው ሰው ነው፤ ዕዳ ደግሞ ሰውን ለቅሶ ቤት ድረስ ያስሮጣል። «ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም» ብሎ ወጣ።

አስናቁ በረንዳው ላይ ቀረች። ገንዘቡ አልነበረም የወጋት። «ማንም አላስታወቀኝም» ያለው ቃል ነው። እውነቱን ነው፤ አላስታወቁም። አባቷ ከዚህ ቤት የመውጣት አሳብ ጭራሽ አልነበራቸውም። እሷ ዘንድ የመምጣት አሳብ አልነበራቸውም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

አስናቁ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር፣ ከፎቆቹ በአንዱ ላይ፣ ከአቅሟ በላይ ሠርታ ቤት ገዝታለች። ገና ሳትገባበት አንዱን ክፍል «የአባ ነው» ብላ ለየችው። አልጋ ገዛች፤ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መደገፊያ ብረት አስተከለች። ባለፈው ብርድ ጊዜ ጋሽ አግደው የዚህ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወገባቸው ተጎዳ። ሊፍት የለው፣ ምን የለው! ያን ጊዜ ወስዳ ክፍሉን አሳየቻቸው። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ በመስኮቱ ቁልቁል አዩ።

«እዚህ ሰው ቢሞት ማን ይሰማል?» አሉ።

«ማን ይሙት አለዎት አባ? ይኑሩ ነው የምልዎ!»

«ሰማይ ላይ አልኖርም። የማንም ሸክም አልሆንም።»

ወደዚህ አገር ለመምጣት ሱዳን ድረስ በእግራቸው ሲሄዱ እሷን በትከሻቸው ተሸክመው ያሻገሩ ሰው ናቸው እንግዲህ ሸክም አልሆንም የሚሉት። ያን ጊዜ አስናቁ ደሟ ፈላ። የደከመችበት ሁሉ፣ ብረቱ፣ አልጋው፣ ትርፍ ሰዓት የሠራችው ሌሊት ሁሉ ባንድ ጊዜ አናቷ ላይ ወጣ።

«እንግዲያው እዚያው ይሙቱልኝ!» አለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጋሽ አግደው ዞረው ወጡ፤ በሷ ሊፍት ላለመውረድ ያን ሁሉ ፎቅ በዚያ ወገባቸው በደረጃ ወረዱት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ይነጋገሩ ነበር፤ «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» «ወሰድሁ።» ይኸው ነው። ይኸውና እዚያው ሞቱላት። እንባ እንኳ አልወጣላትም።

በማግስቱም በሠልስቱም ለቅሶተኛው ይመጣል፣ ይሄዳል። ማዕዘኑ ላይ ግን የማትነቃነቅ አንዲት ሴት አለች፤ የቢረሳው እናት እማማ አገርነሽ። ቀድማ ትመጣለች፣ መጨረሻ ትወጣለች። ሙሾ አታወርድም፣ ወሬም አትጫወትም። ጉልበቷን እያሻሸች ያን ግድግዳ ታያለች። ይህ ቤት ቢረሳው ሳያገባ እሷና እሱ የኖሩበት ነው፤ በኋላ እሱ በስሙ ገዛው፤ አከራየውም። ውሉን የፈረመው እሱ ነው። ጋሽ አግደው ግን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ «የቤቱ እመቤት» ሲሉ እሷን ነበር።

አጠገቧ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ሽማግሌን ሰው ቀለም ያስቀባል? ቢረሳው ነው የገደላቸው።»

«ዝም በይ፣ እናቱ ትሰማለች።»

እናቱ ሰምታለች። አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ አለ፤ ብትናገረው ልጇን ከሐሜት ታወጣዋለች፣ አስናቁን ግን ታቃጥላታለች። ሐዘንተኛን የሚያቃጥል ነገር ደግሞ አይነገርም፤ ያገራችን ሰው የሞት መርዶ እንኳ ሸፋፍኖ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚያረዳው። ሆድ ይፍጀው አለች። ሆዷም ፈጀው፤ እህል እምቢ አላት።

ነገሩ የፈረጠው የሽቭዓው መዝጊያ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። የአስናቁ ታናሽ ወንድም ቤኒ የበረንዳውን ወሬ ከሰው ሰምቷል። ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ትዕግሥቱ የጠበበ ልጅ ነው። ቢረሳው እናቱን በመኪና ሊወስድ ሲመጣ ቤኒ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ለገንዘብ ነው የመጣኸው?»

«እናቴን ልወስድ ነው።»

«አባቴን ወስደሃል፣ አይበቃህም? ቀለም ቀባ ብለህ በዚያ ዕድሜው ግድግዳ ላይ ያንጠለጠልከው አንተ ነህ!»

ከወንዶቹ መሃል የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ስመኘው ተነሡና በሁለቱ መካከል ገቡ። «ቤኒ፣ ልጄ፣ ሬሳ በወጣበት ቤት እጅ አይነሣም» አሉ። የቤኒ እጅ ግን የቢረሳውን ሸሚዝ ጨብጧል።

«እኔ?» ጮኸ ቢረሳው። «እኔ ነኝ ቀቡ ያልኳቸው? ለምን ብዬ? የሚኖር ሰው እኮ ቀለም አይቀባም! ቀለም የሚቀባው የሚለቅ ሰው ነው! ውሉ ላይ ‹ስትወጣ ቀብተህ አስረክብ› ይላል፣ ስትወጣ...»

እዚያ ላይ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ጋሽ ስመኘው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው አዩት። «እስቲ ድገመው ልጄ።»

መድገም አላስፈለገውም። አስናቁ ከፍራሹ ላይ ዞራ ግድግዳውን አየች፤ ነጩን፣ ቢጫውን፣ አባቷ እጃቸው የደረሰበትን ድንበር። የቤኒ እጅ ሸሚዙን ለቀቀ።

«የት ሊሄዱ?» አለች አስናቁ። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ ነበር። «አባ የት ሊሄዱ ነበር?»

ያን ጊዜ ከማዕዘኑ እማማ አገርነሽ ጉልበቷን በሁለት እጇ መታች።

«ወይኔ አገርነሽ! ወዳንቺ ነዋ ልጄ! ወዳንቺ ነዋ!»

«እማ?» አለ ቢረሳው።

«ዝም በል አንተ፣ ልናገር። ከፋሲካ ቀደም ብለው፣ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ቤቴ መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና ‹አገርነሽ፣ ቤቱን እለቃለሁ። ወረቀቱ ሁለት ወር ቀድመህ ተናገር ይላል፤ ይኸው ተናገርሁ› አሉኝ። ‹ለቢረሳው ይንገሩት እንጂ› ብላቸው ሣቁብኝ። ‹የቤቱ እመቤት አንቺ፤ እሱን ትናንት አይደል ያዘልሽው? ካዘልሽው ልጅ ጋር የቤት ነገር አልነጋገርም› አሉኝ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስማሉኛ! ‹ለአስናቁ ጆሮ እንዳይደርስ። ቤቱን ቀብቼ አስረክቤ፣ ከነሻንጣዬ በሯ ላይ ቆሜ ፊቷን ማየት አለብኝ› አሉኝ። አንተ ደግሞ ወሬ አፍህ ውስጥ አያድር። ትንሽ ቆይቼ እነግረዋለሁ ስል ሞት ቀደመኝ። ከሞቱ ወዲያማ፣ ለዚች ልጅ ‹ሊመጡልሽ ነበር› ብሎ መንገር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ አይደለም? ምን ላድርግ? ዝም አልሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

አስናቁ በጉልበቷ እየተሳበች ማዕዘኑ ድረስ ሄደች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

«እማማ፣ የተናገርኋቸውን ነግረውዎታል? ያን... ያን ክፉ ቃል?»

«‹እዚያው ይሙቱ› ያልሽውን? እየሣቁ ነዋ የነገሩኝ! ‹ፎቁን በደረጃ ስወርድ ጉልበቴ አለቀ፣ ኩራቴ ግን አላለቀም ነበር› አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ሣቃቸውን ተዉና ምን አሉ መሰለሽ? ‹ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ጋሼ እያለ ያቆላምጠኛል። ስወድቅ የምትቆጣኝ እሷ ብቻ ናት። የሚቆጣኝ ሰው ባለበት ላርጅ።›»

የአስናቁ እንባ ያን ጊዜ ወጣ። አሮጊቷ ጭን ላይ ተደፍታ ጮኸች። «አባ! አባዬ! ይምጡልኝ አባ! ልቆጣዎት ይምጡልኝ!» ቤቱ አብሯት አለቀሰ። በመጀመሪያው ቀን ያልተለቀሰው ለቅሶ በመዝጊያው ዋዜማ ተለቀሰ። ሐሜተኞቹ ሁለት ሴቶችም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ከሁሉ በላይ ጮኹ። ቤኒ በሩን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ቢረሳው ደግሞ ከጎኑ። ሁለቱም የት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

ለቅሶው በረድ ሲል ጋሽ ስመኘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከቀብር መልስ ለገንዘብ የምንቀመጥ ሰዎች አይደለንም፤ አንዴ ከተነሣ ግን እዚሁ ይለቅ። ለእናት የተነገረ ለልጅ ተነግሯል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው። አግደው ቀናቸውን ጠብቀው አስታውቀዋል።»

«ይበቃል ጋሼ፣ አይጨርሱት» አለ ቢረሳው ወለሉን እያየ። «ፒቃዶኑን ሳላጎድል እመልሳለሁ። ወሩም እስኪያልቅ ቤቱ የነሱ ነው። ግድግዳውንም ቀቢ እልካለሁ፣ ምንም አይጠየቁም።»

«ቀቢ አትላክ» አለች አስናቁ ከእማማ አገርነሽ ጭን ቀና ሳትል።

«እኔ እኮ ወጪውን...»

«ቢረሳው፣ ቀቢ አትላክ ብያለሁ።»

ቤኒ እጁን ዘረጋለት፤ ተጨባበጡ። እርቅ ይሁን ድካም እነሱም አላወቁት።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጥተው ሐዘንተኞቹን «በቃ፣ ተነሡ» አሉ። ፍራሹ ተነሣ። ታች ድንኳኑ ወረደ፤ ወንበሮቹ እየታጠፉ መኪና ላይ ሲጫኑ ድምፃቸው ደረጃውን ሞላው። የመጨረሻው ሰው ተሰናብቶ ሲወጣ አስናቁ እጅጌዋን ሰብስባ መኝታ ቤቱ ገባች። ባልዲውን ከፈተች፤ ከላዩ እንደ እርጎ የጋገረውን በእንጨት ገፈፈችው። ከሥሩ ቀለሙ ገና ደኅና ነው። ሮለሩ ግን እምቢ አለ። ወስዳ የወጥ ቤቱ ሳህን ማጠቢያ ውስጥ ሙቅ ውኃ ለቀቀችበትና በአውራ ጣቷ መጫን ጀመረች። ውኃው እንደ ወተት ነጣ።

ቤኒ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። «ይህ ሞቷል እኮ። ሱቁ ክፍት ነው፣ አዲስ ላምጣልሽ?»

«ተወው፣ ይለሰልሳል» አለችው፤ ውኃውን ደፍታም ሌላ ሙቅ ቀየረችለት።