የዓሣ አዋላጇ

ጉድ እኮ ነው፣ የቄስ ልጅ ሆና ከተራን ረሳች!

ወለተሐና ከጎረቤላ በታች ባለችው ትንሽ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ትሠራለች፤ አገሩ «የዓሣ አዋላጅ» እያለ ይቀልድባታል። ይቀልድ እንጂ፣ ዓሣ የሚያደነዝዘውን ብርብራ እየወቀጠ ወንዙ ውስጥ በመጨመር የዓሣውን ዘር ያጠፋው ይኸው አገር ነው። እሷ ከገደል ሥር ኩሬ የተረፉ አንድ ጥንድ አግኝታ ስትንከባከብ ኖረች። ዘንድሮ በጥር እናቲቱ ያለወሯ እንቁላል ጣለችና በማግስቱ ሞተች። እንግዲህ የወንዙ ዓሣ ተስፋ ማለት ወንፊት ላይ የተዘረጋው ያ እንቁላል ብቻ ነበር። ከተፈለፈለ አሳድጋ ወደ ወንዙ ትመልሰዋለች፤ ካልሆነም አበቃ።

የከተራ ዕለት ረፋዱ ላይ ከወንዙ ወደ ጣቢያዋ የሚወርደው የቦዩ ውሃ ቀጥ አለ። ቦዩ የተደፈነ መስሏት አካፋ ይዛ ሽቅብ ወጣች። የአገሩን ጎረምሶች ሆታ ስትሰማ ነው የገባት፤ ለጥምቀት ወንዙን ገድበውታል። እሷም በልጅነቷ ጭቃ እያቀበለች የገደበችው ወንዝ! ከግድቡ ጀርባ የሚጠራቀመው ገንዳ ሞልቶ እስኪፈስ ይመሻል፤ እንቁላል ደግሞ የሚተነፍሰው በሚሄድ ውሃ ነው፣ በቆመ ውሃ ታፍኖ ይሞታል።

ከአባቷ ከቄስ ኃይለ ገብርኤል እግር ላይ ወደቀች። ግድቡን ጥቂት ክፈቱልኝ ብላ ለመነች። ታቦት ሊወጣ ነው፣ አይሆንም አሏት። እንባዋን ሲያዩ ግን የአባት አንጀት አልቻለም፤ ውሃው ወደ ገንዳው የሚገባበትን በመቋሚያቸው ጠቆሙ።

«ውሃው እዚህ ይሄዳል። አምጪው ልጄ፣ ከታቦቱ ጋር ይደር።»

ወንፊቱን በባልዲ ውሃ ይዛ በሩጫ ተመለሰች፤ መግቢያው ላይ በድንጋይ አስደግፋ አጠገቡ አደረች።

ጠዋት ጸሎቱ አብቅቶ መስቀሉ ውሃውን ሲነካ ወለተሐና ጎንበስ አለች። ትናንት የማሽላ ፍሬ ይመስል የነበረው ሁሉ ዓይንና ጭራ አውጥቶ ይርገበገባል። እጇን በአፏ ጫነች። ሥራዋ ነው፣ ብዙ አይታለች፤ ዛሬ ግን አዲስ ሆነባት። የአምላክን ሥራ ማን ይለምደዋል?

ይህን ጊዜ ሕዝቡ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ውሃው ተገፋ። ቄስ ኃይለ ገብርኤል ወንፊቱ ፊት ቆመው መስቀላቸውን አነሡ።

«ቀስ በሉ። ዛሬ ከእናንተ ቀድሞ የተጠመቀ አለ።»

የፊተኞቹ አጎንብሰው አዩና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወንዙን የገደቡት ጎረምሶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወንፊቱን አጠሩት። ያ ሁሉ ሕዝብ በወዲያኛው ዳር ዞሮ ተጠመቀ።