የድስት ነው የግድግዳ?

ጉም አሳዳጊ ነው። በዊስኮንሲን ኮረብቶች መሐል፣ በጥቅምት ማለቂያ፣ ከጅረቱ የሚነሣው የጠዋት ጉም ድመቱን ነብር፣ ጥጃውን ዝሆን አድርጎ ያሳያል። ዴልበርት ይህን አጥቶት አይደለም። የወተት ቦቴ ነጂ ነው፤ በጉም ውስጥ የፖስታ ሣጥን ሰው መስሎት ጡሩምባ ነፍቶለት፣ እጁን አውለብልቦለት ያውቃል። ግን ሰው ሲጓጓ የሚያውቀውን ሁሉ ቤቱ ጥሎት ይወጣል።

ያወቀው ሁሉ ተመልሶ የመጣው ፍላጻው ከደጋኑ ከወጣ በኋላ ነው። በትልቁ የኦክ ዛፍ ላይ፣ የአደን ማማው ውስጥ ተቀምጦ፣ ደጋኑን እንደያዘ ቁልቁል ያያል። አጋዘኑ ተፈናጥሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቷል። መምታቱንስ አሳምሮ መትቶታል፤ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ሳንባው ላይ። ጭንቁ ወዲህ ነው። ጉሙ ትንሽ ገለል ሲል፣ አጋዘኑ ከቆመበት ጀርባ አንድ የደረቀ የዱር ፖም ዛፍ ብቅ አለ፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ሰማይ የተንጨፈረሩ።

«አምላኬ፣» አለ ዴልበርት፣ «የቆጠርኩት ቀንዱን ነው ወይስ ዛፉን?»

በአማቱ በኖርቫል መሬት የአደን ሕግ አጭር ነው። ሌላው ሰው ቀንድ በሜትር ይለካል፣ ይደምራል፣ ይቀንሳል። የኖርቫል መለኪያ ግን የሟች ሚስቱ የጋብቻ ቀለበት ነው፤ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞራል። አንደኛ፣ ቀንዱ ከጆሮዎቹ ጫፍ ወጣ ማለት አለበት። ሁለተኛ፣ ቀለበቱ በየቀንዱ ቅርንጫፍ ይሰካል፤ ከያዘ ቅርንጫፍ ነው፣ ከወደቀ ብጉር ነው። ቀለበት የሚይዙ ስምንት ቅርንጫፎች ያሉት አውራ አጋዘን የግድግዳ ነው፤ ራሱ ተሠርቶ ይሰቀላል። ከዚያ ያነሰው የድስት ነው። የድስት የፈለገ ከበቆሎው ዳር ሄዶ ሴቷን ይምታ፣ ማንም አይናገረውም። ከኦኩ ማማ ላይ ሆኖ የድስት የመታ ግን ማማውን ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ አውራ ጎዳናው ዳር ካለችው ጥድ ላይ ተቀምጦ የካሚዮን ጭስ ሲምግ ይከርማል።

ማማው ዕድሜ ልኩን የኖርቫል ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው፣ ባለፈው ፋሲካ፣ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ለዴልበርት ሰጠው። ዋንዳን ካገባ ወዲህ ሽማግሌው በሰው ፊት ያከበረው ያኔ ብቻ ነው። የዋንዳ ታናሽ እህት ባል ክላይድ አፉ ውስጥ የነበረውን የአጋዘን ቋሊማ መዋጥ አቅቶት ነበር።

ዴልበርትም አፉን ዘግቶ አልተቀመጠም። «ሸሪፉ» የሚባል አውራ አይቻለሁ ብሎ በጋውን ሙሉ አወራ። ሸሪፉ ውሃ ሲጠጣ ጅረቱ ይጎድላል። ቀንዱ ላይ ቁራ ጎጆ ሠርታ፣ ጫጩት ፈልፍላ፣ ጫጩቶቹ መብረር ተምረዋል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን እያደር የገዛ ወሬውን ማመን ጀመረ።

ስልኩን አወጣ። የመታ ሰው ብቻውን ዱካ አይከተልም፤ ይህም ሕግ ነው።

«አባባ፣ መታሁ።»

«ሸሪፉን?»

«ይመስለኛል» ማለት ይችል ነበር። አፉ ግን ቀደመው። «ሸሪፉን!»

ኖርቫል በከዘራው፣ ክላይድ በምላሱ ተደግፈው መጡ።

«ትራክተር ላምጣ ወይስ በእጅ ይጎተታል?» አለ ክላይድ ከሩቁ። «የቁራዋ ቤተሰብስ ተረፈ? እግዚአብሔር ያጽናቸው።»

«ዝም በልና ዓይንህን መሬት ላይ አድርግ፣» አለው ኖርቫል። ፍላጻውን ከሣሩ አንሥቶ አገላበጠው። ደሙ ፈካ ያለ ቀይ ነው፣ አረፋ አለው። «የሳንባ ነው። ሩቅ አይሄድም።»

ሩቅ አለመሄዱን ሲሰማ ዴልበርት ከኋላ መሆንን መረጠ።

መከተል ጀመሩ። በዚያ ወር ዛፉ ሁሉ ቀይ ቅጠል አራግፎ መሬቱ በሙሉ የቆሰለ ይመስላል፤ ደሙን ከቅጠሉ ለመለየት ማጎንበስ፣ መዳበስ ይጠይቃል። ደም ባገኙ ቁጥር ዴልበርትን ላብ ያጠምቀዋል፤ ደም በጠፋ ቁጥር ትንፋሹ ይመለሳል። ከመንገዱ መሐል አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት፦ ያልተገኘ አጋዘን ለዘላለም ትልቅ ነው። ካልተገኘ ማን ይለካዋል? ሸሪፉ አመለጠ ይባላል፤ ማማው ይቀርለታል፤ ወሬውም ይቀርለታል።

በዚሁ መሐል ዱካው ጠፋ። ሦስቱም ተበታትነው ፈለጉ። ዴልበርት ከአንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ ቁልቁል ሲያይ፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ደም ቅጠል ላይ ያበራል። ከዚያ ወደ አንድ የእሾኽ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባ ሌላ ጠብታ።

በጫማው ደሙ ላይ ቆመ።

«እዚያ ጋ የለም?» አለ ኖርቫል።

«ምንም የለም።»

«ወደ ጅረቱ ወርዶ ይሆናል፤ የቆሰለ ውሃ ይወዳል፣» አለ ክላይድ፤ ወረደ።

ኖርቫል ከዘራውን ጣለ። ያንን የታመመ ጉልበቱን መሬት ላይ አኑሮ፣ ቅጠል በቅጠል እየገለበጠ፣ ቁልቁለቱን በእንብርክኩ መውረድ ጀመረ። አንዴ ተንሸራተተና «እህህ» አለ። ቀና ብሎ ዴልበርትን አየው፤ የልጁ ፊት አመድ መስሏል።

«አይዞህ፣ እናገኘዋለን። ቀበሮ አይበላውም። የመታሁትን ትቼ ቤቴ የገባሁበት ቀን የለም፤ ያንተንም ትቼ አልገባም።»

ዴልበርት የቆመው ደም ላይ ሳይሆን ፍም ላይ መሰለው። በጫማው ሶል በኩል ሙቀት የሚሰማው ሆነ። ሽማግሌው እንደገና ተንሸራተተ፤ አሁን በሁለት እጁ ሥር ጨብጦ ተንጠለጠለ።

«አባባ! ይመለሱ! ደም እዚህ አለ!»

ክላይድ ሮጦ መጣ። የተረገጠውን ቅጠል አየና በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሰውዬ፣ ቆመህበት እኮ ነበር! ዝሆን ቢሆን ኖሮ ትቀመጥበት ነበር!»

ኖርቫል እየተነፈሰ ወጣ። ቅጠሉን አየ። የዴልበርትን ጫማ አየ። አልሳቀም። «እንሂድ፣» ብቻ አለ።

እሾኹ ውስጥ ተኝቷል። ከሩቅ ጥሩ ነበር። በቀረቡ ቁጥር አነሰ፤ አንድ እርምጃ ሲራመዱ አንድ ዓመት ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። ሌላ ሜዳ ቢቀራቸው ኖሮ ከእናቱ ማሕፀን ያገኙት ነበር።

ኖርቫል ጎንበስ አለ። ቀንዱ ከጆሮው በጣት ስፋት ወጣ ብሏል። ቀለበቱን ከአንገቱ አውልቆ በቀኙ ጀመረ። ያዘ። ያዘ። ያዘ። ያዘ። ክላይድ ጥርሱን መሰብሰብ ጀመረ። በግራውም ያዘ፣ ያዘ፣ ያዘ። የመጨረሻው ቅርንጫፍ እንደ ሕፃን ጥርስ ብቅ ያለ ነው። ቀለበቱ ተቀመጠ። ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዘንበል አለና ተንሸራትቶ የኖርቫል መዳፍ ውስጥ ወደቀ።

«አባባ፣ እጅዎ ስለተንቀጠቀጠ ነው፣ ይድገሙት፣» አለ ክላይድ፤ ለራሱም ገረመው።

ኖርቫል ደገመው። ደግሞ ወደቀ።

«ብጉር ነው። የድስት ነው። ማማው ያንተ ነው፣ ክላይድ። በል መኪናውን አቅርበው።»

ክላይድ ሄደ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ኖርቫል ቢላውን አውጥቶ ለዴልበርት አቀበለውና የአጋዘኑን የፊት እግር ይዞለት ተቀመጠ።

«ደሙን አይተኸው ነበር?»

ዴልበርት ቢላውን ትኩር ብሎ አየ። «አይቼው ነበር።»

«ታዲያ ኋላ ለምን እግርህን ከላዩ አነሣህ?»

«እርስዎ ሲንሸራተቱ አይቼ።»

ዴልበርት አጋዘኑን ከሆዱ ጀምሮ መቅደድ ያዘ። አሁን ሽማግሌው ለዋንዳ ይነግራታል፤ ለሰፈሩ ይነግራል፤ ከእንግዲህ ከበቆሎው ዳርም ድርሽ አልልም ብሎ ሲያስብ፣ ኖርቫል ቀደመው።

«የዚያች የጎዳና ዳር ጥድ መሰላል አንድ ደረጃዋ ተሰብሯል። እሑድ መዶሻ ይዘህ ና፣ እንጠግናታለን።»

«ሚስማር አለዎት?»

«ሚስማር የሚያመጣው ከማማ የወረደው ነው፣» አለ ኖርቫል። «ረጃጅሙን አምጣ።»