ምስክር የማይሰማበት ችሎት

አክስቴ ብርቅነሽ እዚህ ሱዳን፣ ዴም በሚባለው ሰፈር የተከራየቻት አንዲት ክፍል አለች። ቀን ሻይ ትሸጥባታለች፤ ማታ እሷ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እኔ ወዲያ እንተኛባታለን። የቤቱ ባለቤት ታዲያ «ሳታስፈቅደኝ ለሌላ ሰው አከራይታለች» ብሎ ከሰሳት። ሌላ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ዳኛ እሱን ብቻ ሰማ። «የእህቴን ልጅ ጠይቁት» ብትልም እንቢ ብሎ፣ ክፍሉን ትልቀቅ ሲል ፈረደ።

ይግባኝ አልን። በቀጠሮው ቀን አክስቴ ጎረቤቱን አምጃድ በምትባለው ትንሽ ሚኒባስ ታክሲ ጭና ከተፍ አለች። እኔም የምመሰክረውን በዐረብኛ ስለማመድ ሰንብቻለሁ። ሰው ፊት መናገር ያልበኛል።

ጠበቃችን ኡስታዛ ሁስና እናቷ የወሎ ሰው ስለሆኑ አማርኛ ታውቃለች። በር ላይ አየችንና ሳቀች።

«ሰርግ አለ እንዴ?»

«ምስክሮቼ ናቸው» አለች አክስቴ።

«እዚህ ምስክር አይሰማም፣ ኻልቲ» አለቻት፤ በዐረብኛ አክስቴ ማለት ነው። «ሦስቱ ዳኞች መዝገቡን አንብበው፣ የታችኛው ዳኛ ሕጉን ስቶ እንደሆነ ነው የሚያዩት።»

«እኛን ሳያዩ ሊፈርዱ?»

«ያየሽ ዳኛ ተሳስቷል ብለሽ አይደል የመጣሽው?»

ጎረቤታችን ጋሽ ደመቀ በዚያ ሙቀት ሱፍ ለብሰው ስለመጡ ተቆጡ። «ይህን ሱፍ ታዲያ ማን ሊያይልኝ ነው?»

«ከመዝገቡ ጋር ይያያዝልዎ፣ ጋሼ» አለች ውዴ፣ የጎን ጎረቤታችን።

እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ።

ኡስታዛ ገብታ ቆይታ ወጣች። «ፍርዱ ተሽሯል። ተከራየ የተባለው ሰው ሳይጠየቅ መፈረድ አልነበረበትም ብለዋል።»

አክስቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ኡስታዛ ያዘቻት። «ቆይ፣ ኻልቲ። ክፍሉ ይገባሻል አላሉም። ጉዳዩ ወደ መጀመሪያው ዳኛ ተመልሷል፤ እስከዚያ አትለቂም። አሁን ግን ልጁን የመስማት ግዴታ አለበት።»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

ስንመለስ አክስቴ ታክሲው መሐል አስቀመጠችኝ። «ያላ፣ እኔ መውላና ነኝ» አለች፤ እዚህ አገር ዳኛ የሚጠራው እንደዚያ ነው። ከዚያ በዐረብኛ ጠየቀችኝ። «ይህች ሴት ምንህ ናት?»

«የእናቴ እህት።»

«አልሰማንም» አሉ ጋሽ ደመቀ ከኋላ።

«የእናቴ እህት ናት።»

«ኪራይ ትከፍላታለህ?»

«አልከፍልም። ምሳዬንም የምታበላኝ እሷ ናት።»

ሱዳናዊው ሾፌር ሬዲዮኑን ቀነሰ። «እኔ ሰምቻለሁ። ክፍሉ ይጽናላት» አለ።

«አንተ ሥልጣኑ የለህም» አለችው አክስቴ። «ዝም ብለህ ንዳ።»