የአስካለ መብራት

ማክሰኞ ጠዋት የአስካለ ደረት ላይ የሞተር መብራት በራ። ከግራ ጡቷ ከፍ ብሎ፣ ከቆዳዋ ስር፣ መኪና ሲበላሽ ዳሽቦርዱ ላይ የሚመጣው ቢጫ ምልክት ነው። ቀሚሷን ስትቀይር አየችውና ባሏን ጠራችው።

«መኳንንት፣ ና እስቲ እየው። ያንተ ሥራ ነው መሰለኝ።»

መኳንንት ኮምቦልቻ ውስጥ ስም ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ያምሻል?»

«አያምም። ደረጃ ስወጣ ትንሽ ይደክመኛል እንጂ።»

ጋራዡ ወሰዳት። መሰኪያው ብብቷ ስር ተገኘ፤ የኮምፒውተሩ ገመድ ልክክ ብሎ ገባ። የወጣው ኮድ ከልብ የሚነሳው መስመር አንድ ቦታ ላይ ሊበጠስ መድረሱን ይናገራል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። መኳንንት ጥሩ እጅ አለው፤ ዝናው ግን ኮድ በማጥፋት የመጣ ነው። ቦሎ የሚያድስ ሁሉ፣ መኪናውን ለገበያ የሚያወጣ ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣል። መሰረዣውን ይጫናል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ባለመኪናው መርቆት ይሄዳል። ብልሽቱስ? ብልሽቱማ የት ይሄዳል፣ እዚያው ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ይነግራቸዋል።

«በል አጥፋልኝ» አለች አስካለ። «ቅዳሜ የእህቴ ሰርግ ነው፤ በሐበሻ ቀሚስ ውስጥ ያሳያል።»

«አላጠፋውም። መስመሩን ተከትዬ የተጎዳበትን ላግኝ።»

«ለአገር ምድሩ የምታጠፋውን ለእኔ ትሰስታለህ?»

መኳንንት ገመዱን ከብብቷ ነቀለ። ሚስቱን ይወዳል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠፋ የኖረውን ኮድ ያን ቀን ፈራው።

በየቀኑ በቴስተር ለካት። እጇ ላይ ኃይሉ ደህና ነው፣ አንገቷ ላይ ይዋዥቃል፣ ወደ ልቧ ሲጠጋ ይወርዳል። ዓርብ ማታ ቦታውን አገኘው። ቅዳሜ ጠዋት የሚቀጥልበትን ገመድ ሊገዛ ወጣ።

ሲመለስ አስካለ ጋራዡ ውስጥ የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሲሠራ እያየች ነው የኖረችው፤ ራሷ ሰክታ፣ ራሷ ሰርዛዋለች።

«ጠፋ እኮ! አየህ፣ ምንም አልነበረም።»

ኮምፒውተሩ ላይ «ብልሽት የለም» የሚል ተጽፏል።

«አስካልዬ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ቆይተሽ ሂጂ።»

«ሙሽራዋ እየጠበቀችኝ? አንተ ደግሞ!»

ገመዱን ኪሱ ከተተና ተከተላት። ምን ይበላት፣ ያስተማራት እሱ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ አምራ፣ ደምቃ ጨፈረች። ቀትር ላይ፣ ትከሻዋን እየሰበቀች ሳለ፣ መሀል ቦታው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ትንፋሽ የላትም። አልወደቀችም። መኳንንት ሮጦ ኮምፒውተሩን አምጥቶ ሰካላት፤ ብልሽት የለም አለ። ኃይሏ አልቋል፣ ገመዱም አሁን ምንም አያደርግላትም። እጇን ያዘው፤ ቀዝቅዟል። ያኔ አለቀሰ።

ጋሽ ይማም የሚባሉ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ከተቀመጡበት ተነሱ። ከድንኳኑ በር ላይ ቅጠል ቆርጠው፣ ድንጋይ ጨምረው፣ ከአስካለ ተረከዝ ኋላ መሬት ላይ ደረደሩ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «ከኋላ የሚመጣው እንዳይገጫት ነው።»

ዘፈኑ አልተቋረጠም። የአስካለ ዓይኖች እንደ ቆመ መኪና ፍሬቻ ብርቱካናማ ሆነው እኩል ይበራሉ፣ እኩል ይጠፋሉ። ሰርገኛው ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንስና በግራዋ በኩል ዞሮ ያልፋል።