የሰፈሩ ሠርግ ያለበት ሳጥን

ሰፈርተኛው የሚያውቃት «ካሜራዋ» እያለ ነው። ቪዲዮ አንሺነቱን ከአባቷ ወርሳዋለች፤ በዚያ ሰፈር ተድሮ በአባትየው ወይም በልጅቱ ሌንስ ፊት ያላለፈ የለም። ሠርጉም፣ ምርቃቱም፣ ልደቱም ተጠራቅሞ የሚኖረው መኝታ ቤቷ ቁምሣጥን አናት ላይ በተቀመጠች አንዲት ሰርቨር ውስጥ ነው። ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የጫማ ካርቶን ብታክል ነው። በውስጧ ሁለት ሃርድ ዲስክ ጎን ለጎን አለ። አንዱ ላይ የሚቀመጠው ሌላውም ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። ካሜራዋም ይህን ተማምና እንቅልፏን ትተኛ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአንደኛው ዲስክ መብራት ቀይ ሆኖ አገኘችው።

«ይሄ ነገር ሞተብኝ» አለች ጫማዋን እያጠለቀች።

ባሏ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን እረፍት ላይ ነበር። ፊቱን በፎጣ እያደራረቀ «ነፍስ ይማር» አላት። ስቃ ወጣች።

ኮምፒውተር ሻጩ የቆየ ደንበኛዋ ነው። የምትፈልገውን ዲስክ ነግራው ዋጋውን ሲነግራት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«የአንዱን ነው የጠየቅኩህ፣ የደርዘኑን አይደለም።»

«እኔም የአንዱን ነው የነገርኩሽ፣ እህቴ።»

ካሜራዋ ክው አለች። በዚያ ገንዘብ አምና ሁለቱንም ዲስክ ከነሳጥኑ ገዝታ መልስ ተቀብላ ነበር።

«ወርቅ ቀባችሁት እንዴ?»

«ኤአይ ነዋ» አለ ሻጩ፣ እንደ ሰለቸው ሰው። «የሚያወሩት፣ ሥዕል የሚሥሉት ማሽኖች ዲስኩንም ሚሞሪውንም ጠርገው ወሰዱት። ለእነሱ ሕንጻ ሙሉ ሰርቨር ነው የሚተከለው። ፋብሪካው ገና ያላመረተውን ሸጦ ጨርሷል ይላሉ። ለእኔና ላንቺ የሚደርሰው ፍርፋሪው ነው፤ እሱም ነገ ይጨምራል። አሮጌው ራሱ ተፈላጊ ሆኖ የለ? በየበሩ እየዞሩ የሚገዙ አሉ።»

ሌሎች ሱቆችንም አዳረሰች። አንዱ ጋ የለም፤ ሌላው ጋ አለ፣ ግን ከመጀመሪያውም ይብሳል። ራሷን እያዞራት ባዶ እጇን ተመለሰች።

ባሏ ፊቱ በርቶ ጠበቃት።

«አሮጌ ኮምፒውተር የሚገዙ ሰዎች በበር ሲያልፉ አገኘኋቸው» አለ። «ያቺን የሞተች ሳጥንሽን ሰጠኋቸው። የከፈሉኝን ብነግርሽ አታምኚም። ለሬሳ እንዲህ ሲከፈል አይቼ አላውቅም።»

ካሜራዋ ቀና ብላ ቁምሣጥኑን አየች። አናቱ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ቀርቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ሞተ ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ» አለ፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ እየከሰመ።

«የሞተው አንዱ ነው። አንዱ ደህና ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አባዬ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

ሟቹ አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያነሳ ኖሮ ራሱ ሌንስ ፊት የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷ ገና ካሜራ ስትለማመድ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ባልየው ይህን ሲሰማ የታክሲውን ቁልፍ አነሳ።

ገዢዎቹ ስልክ ቁጥራቸውን ትተውለት ስለነበር ቦታውን ጠይቆ ተያይዘው ሄዱ። የተበለተ ኮምፒውተር እስከ ጣሪያው የተከመረበት መጋዘን ነው። ካሜራዋ በር ላይ እንደቆመች ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። በገዛ እጇ ጽሑፍ «ሠርጎች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዲስክ ከሌሎች ጋር ተደርድሯል። ከሥሩ አዲስ ዋጋ ተጽፎበታል።

«እሱ የኔ ነው» አለች።

የመጋዘኑ ባለቤት ሽርጡን ፈትቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ዓይኑን ሰበረ።

«የኔ እመቤት፣ የሰው ገመና ሳናጠፋ አንሸጥም። እንደመጣ ነው ያጸዳነው። ባዶ ነው።»

ሰውየውን እንዳትሰድበው እውነቱን ነው፤ የራሷ ዲስክ ሰው እጅ ቢገባ እንዲህ እንዲደረግ ነበር የምትመኘው። መደርደሪያውን ይዛ ቆመች። ባሏ የተቀበለውን ገንዘብ እንዳለ አውጥቶ ዘረጋ፤ ለሁለት ዲስክና ለሳጥን የተሰጠው ገንዘብ ያንን አንዱን ባዶ ዲስክ እንኳ አልገዛም። ያን የጠዋት ቀልዱን እያስታወሰ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ከኪሱ ጨመረ። የሞተውን ዲስክ ባለቤቱ ከቁርጥራጭ ከረጢት ውስጥ ፈልጎ ያለ ዋጋ ሰጣቸው።

የሞተውን ዲስክ ወደ አንዲት ዲስክ ጠጋኝ ወሰዱት፤ ሞክራ ከግማሽ የሚበልጠውን ፊልም አወጣች። የአባትየው ፊልም ከወጣው ውስጥ አልነበረም። «ብልሽቱ ያረፈው አሮጌዎቹ ፊልሞች ላይ ነው» አለቻት፤ ደጋግማ መሞከሯን ማሽኑን እያሳየች አስረዳቻት።

ካሜራዋ ለደንበኞቿ ሁሉ ደወለች። ብዙዎቹ ደነገጡ፣ እቤት ያለውን ቅጂ እናምጣልሽ አሏት። አንዲት ሙሽራ ግን «የኔ ከጠፋ ተገላገልኩ፣ ሰውየውን ከፈታሁት ሰነበትኩ» ብላ በእንባዋ መሐል አሳቀቻት።

የከበዳት እናቷ ናቸው። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። እናትየው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳያቋርጡ ሰሟት።

«ባልሽን ምን አልሽው?»

«ምንም አላልኩትም፣ እማዬ። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙም አናወራም።»

«እንግዲያው አሁን አናግሪው» አሉ። «በማግስቱ እዚህ በር ላይ መጥቶ የአባትሽን ፊልም እኔ ነኝ የሸጥኩት ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ላንቺ እንዳልነግርሽም ለመነኝ።»

ካሜራዋ አፏን በእጇ ያዘች። ባሏ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።